ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ፦ የቆሽት ንቅለ ተከላ፣ የመኖሪያ ወረቀትና የካትሌሆንግ ኢትዮጵያውያን

የማስታወሻው ፍሬ ነገር

ቆሽት በሚተከልበት ሰዓት ለታማሚው የሚሰጠው የፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) ሕክምና የተተከለውን አካል የመጀመሪያዎቹን ወራት ያሻግረዋል። ከዚያ ወዲያ ያሉትን ዓመታት ግን ብቻውን አያሻግረውም። ዓመታቱን የሚያሻግሩት በየዕለቱ ሳይቋረጥ የሚዋጥ መድኃኒት፣ በቀጠሮ የሚደረግ የደም ምርመራና ታማሚው ሳይሸማቀቅ የሚገባበት የሆስፒታል በር ናቸው። በደቡብ አፍሪካ በጥገኝነት ወረቀት ለሚኖር ኢትዮጵያዊ እነዚህ ሦስቱም የሚወሰኑት በሐኪም ብዕር ብቻ አይደለም፤ በአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማኅተምም ጭምር ነው። አቋማችን ይህ ነው፦ ንቅለ ተከላን ከመኖሪያ ወረቀት ጋር ያሰረው አሠራር ሕክምናውን ራሱን ያፈርሳል፤ ስለዚህ ሊፈታ ይገባል። ለዚህም አዲስ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሥልጣኑ ዛሬም በሚኒስትሩ እጅ ነው።

ጽሑፉ የተዘጋጀው በጋውቴንግ ክፍለ ሀገር ለሚንቀሳቀሱ የመብት ተሟጋቾች፣ ለደቡብ አፍሪካ ፓርላማ አቤቱታ ለሚያዘጋጁ ወገኖችና በአዲስ አበባ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጤናና የውጭ ግንኙነት ቋሚ ኮሚቴዎችን ለሚያግዙ ባለሙያዎች ነው። የሕክምናውን ነገር በቅድሚያ የምናስረዳው፣ ሕጉ የቱ ላይ እንደሚጎዳ ለማየት መድኃኒቱ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ግድ ስለሚል ነው።

1. ጉዳዩ ከካትሌሆንግ ሲታይ

ካትሌሆንግ ከጆሃንስበርግ በስተምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከጀርሚስተን በስተደቡብ፣ በኤኩርሁሌኒ ከተማ አስተዳደር ውስጥ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ1945 ለጥቁር ሠራተኞች መኖሪያነት የተቆረቆረች ሎኬሽን ናት። ዛሬ እንደ ጎረቤቶቿ እንደ ቶኮዛና ቮስሎሩስ ሁሉ፣ ከጄፒ ገበያ ዕቃ እያመጡ በሎኬሽን ሱቅ የሚቸረችሩ ኢትዮጵያውያን ይኖሩባታል። ወደ ደቡብ አፍሪካ ከሄዱት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ከሀዲያና ከከምባታ የተነሡ ናቸው፤ ብዙዎቹም የሚኖሩት ሴክሽን 22 በሚባለው የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ነው።

ከዚህ አካባቢ የታመመ ሰው ጉዞው የሚጀምረው ከቀበሌው ክሊኒክ ነው። ቀድሞ በካትሌሆንግ የነበረው የናታልስፕሩት ሆስፒታል አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2014 ቮስሎሩስ ወደሚገኘው ቴሌ ሞጎኤራኔ ሆስፒታል ተዛውሯል። ንቅለ ተከላ የሚፈልግ ሰው ግን ከዚያም አልፎ በጆሃንስበርግ ፓርክታውን አካባቢ ወዳሉት ትልልቅ ማዕከላት መዝለቅ አለበት። ጆሃንስበርግ ለዚህ ሕክምና እንግዳ አይደለችም፤ የአገሪቱ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1966 የተጀመረው በዚችው ከተማ ነው። ዓለም ያወቀው የኬፕታውኑ የልብ ንቅለ ተከላ የመጣው በማግስቱ ዓመት፣ በታኅሣሥ 1967 ነበር። የቆሽት ንቅለ ተከላም ዛሬ በጆሃንስበርግ ይሠራል። ስለዚህ የዕውቀትም የባለሙያም ችግር አለ ማለት አይቻልም።

ለማስረዳት ያህል አንድ ሰው እንሳል። ዕድሜው 32 ነው፤ በልጅነቱ ዓይነት 1 የስኳር በሽታ ይዞታል፤ በካትሌሆንግ ሱቅ ይጠብቃል። ለዓመታት በኢንሱሊን ኖሮ አሁን ኩላሊቶቹ ደክመዋል። ለእንዲህ ያለ ሰው ከአንድ ሟች ለጋሽ ኩላሊትና ቆሽት በአንድ ጊዜ መትከል ከሁለት ቀንበር ያላቅቀዋል፦ ከኩላሊት እጥበትና ከኢንሱሊን መርፌ። ሕክምናው የቅንጦት አይደለም። ኩላሊቱን ያደከመውን ምክንያት አብሮ የሚያነሣ ሕክምና ነው። በዚህ ማስታወሻ ውስጥ ወደዚህ ሰው ደጋግመን እንመለሳለን።

2. መርፌው የሚያደርገውና የማያደርገው

የመጀመሪያው የቆሽት ንቅለ ተከላ በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተደረገው በታኅሣሥ 1966 እ.ኤ.አ. ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ውጤቱ ተስፋ አስቆራጭ ነበር። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው የቆሽት የደም ሥሮች በቀላሉ በረጋ ደም መዘጋታቸው ነው። ሁለተኛው የሰውነት የመከላከል ሥርዓት የተተከለውን አካል እንደ ወራሪ ቆጥሮ መውጋቱ ነው። ይህን ሁለተኛውን ከዚህ በኋላ እምቢታ እንለዋለን፤ የተተከለውንም አካል ንቅል።

የእምቢታው ጦር መሪዎች ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ንቅሉ እንግዳ በሆነበት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥቃታቸው ይበረታል። የመነሻ ሕክምና (ኢንዳክሽን) የሚባለው ከቀዶ ሕክምናው ሰዓት ጀምሮ ለጥቂት ቀናት የሚሰጥ ኃይለኛ ፀረ እንግዳ አካል ነው። ዓይነቱ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ቲ ሴሎችን ከደም ውስጥ ጠራርጎ የሚያሳንስ ነው፤ ከጥንቸል ደም የሚዘጋጀው ታይሞግሎቡሊንና አለምቱዙማብ እዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው ሕዋሳቱን ሳይገድል እንዳይባዙ ብቻ የሚያግድ ነው፤ ባሲሊክሲማብ የዚህ ምሳሌ ሲሆን ለአዋቂ ሰው በቀዶ ሕክምናው ዕለትና በ4ኛው ቀን 20 ሚሊግራም ይሰጣል። የመጀመሪያው ክፍል ጉልበት ለወራት ይቆያል፤ የሁለተኛው በሳምንታት ውስጥ ያልቃል። ሁለቱም ግን ያልቃሉ። የዚህ ጽሑፍ ክርክር የተመሠረተው በዚህች ሐቅ ላይ ነው።

ይህ ሕክምና ለቆሽት ዕድሜ ምን ያህል ይጠቅማል? መልሱ እንደ ንቅለ ተከላው ዓይነት ይለያያል። ቆሽት ብቻውን ሲተከል፣ ወይም ኩላሊት ቀድሞ ለተተከለለት ሰው በኋላ ሲጨመር፣ በእምቢታ የሚጠፋው ንቅል ይበዛል፤ እዚያ ላይ የመነሻ ሕክምናው አስፈላጊነት ብዙ አያከራክርም። ኩላሊትና ቆሽት አብረው ሲተከሉ ግን ነገሩ ረቂቅ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ልዩ ልዩ ማዕከላት 174 ታማሚዎች በዕጣ ተከፍለው፣ እኩሌቶቹ የመነሻ ሕክምና ሲሰጣቸው እኩሌቶቹ አልተሰጣቸውም። የተሰጣቸው ወገኖች የኩላሊት እምቢታ ያነሰ ሆነ፤ በሦስተኛው ዓመትም የኩላሊታቸው ዕድሜ የተሻለ ነበር። በቆሽቱ ዕድሜ ላይ ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልታየም።

ከዚህ ጥናት አንዳንድ የበጀት ሰዎች የሚስቡት መደምደሚያ «እንግዲያው ውድ መርፌው ይቅር» የሚል ነው። ይህ ንባብ የጥናቱን ግማሽ ይዘላል። በጥናቱ ውስጥ ሁለቱም ወገኖች፣ መርፌውን የወሰዱትም ያልወሰዱትም፣ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ስቴሮይድ በየዕለቱ ይወስዱ ነበር፤ ሁለቱም በሐኪም ዐይን ሥር ነበሩ። ያ የዕለት መድኃኒት የተከለከለ ወገን አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም። መድኃኒቱን ማቋረጥ ንቅሉን እንደሚገድል አስቀድሞ የታወቀ ነውና እንዲህ ያለ ሙከራ በሰው ላይ የሚፈቅድ የሥነ ምግባር ኮሚቴ የለም። በየትኛውም ቤተ ሙከራ የማይፈቀደውን ነገር ግን የመኖሪያ ወረቀት ሥርዓቱ በወገኖቻችን ላይ ሊፈጽመው ይችላል።

የቆሽት ሌላም ባሕርይ አለው፤ ሲጠቃ ቶሎ አይናገርም። የደም ስኳር ከፍ ማለት የሚጀምረው ኢንሱሊን የሚያመነጩት ሕዋሳት አብዛኞቹ ከተጎዱ በኋላ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች አሚሌዝና ላይፔዝ የሚባሉ ኬሚካሎችን በደም ውስጥ ይከታተላሉ፤ ኩላሊት አብሮ ተተክሎ ከሆነም የክሪያቲኒን መጠኑን እንደ ማንቂያ ደወል ይጠቀሙበታል። ቀጠሮ ያሳለፈ ሰው ደወሉን አይሰማም። ሲሰማው ቤቱ ተቃጥሏል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ብሂል ለዚህ ሕክምና የተነገረ ይመስላል።

3. የቲቢ አገር የራሱን ጥያቄ ይጠይቃል

የመነሻ ሕክምናውን የምንደግፈው በጭፍን አይደለም። ቲ ሴልን ጠርጎ የሚያወጣ መድኃኒት የሰውነትን ዘበኛ ለወራት ያነሣል። ዘበኛው በሌለበት ሳይቶሜጋሎቫይረስን የመሰሉ ተደብቀው የኖሩ ተሕዋስያን ይነሣሉ። ደቡብ አፍሪካ በዓለም የቲቢ ሸክም ከከበደባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ኢትዮጵያም እንዲሁ። ከሁለቱ አገሮች በአንዱ ተወልዶ በሌላው በተጨናነቀ ክፍል የሚኖር ሰው በደረቱ ውስጥ ያሸለበ ቲቢ ሊኖር እንደሚችል መገመት የሐኪሙ ግዴታ ነው። ስለዚህ ከንቅለ ተከላው በፊት የቲቢ ምርመራ፣ አስፈላጊ ሲሆንም የመከላከያ መድኃኒት፣ ከዚያም በኋላ ለወራት የጠበቀ ክትትል የሕክምናው አካል ናቸው።

«እንግዲያው በእኛ አገር ሁኔታ ይህ መድኃኒት አይሆንም» ለሚሉ ግን የኬፕታውን ልምድ መልስ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 በግሩት ሹር ሆስፒታል በዶክተር ኤልሚ ሙለር የተመራ ቡድን ኤችአይቪ ካለባቸው ሟች ለጋሾች ኩላሊት ወስዶ ኤችአይቪ ላለባቸው ታማሚዎች መትከል ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ዘገባ 27 ታማሚዎችን ይሸፍናል። እነዚህ የመከላከል አቅማቸው አስቀድሞ የተፈተነ ሰዎች ናቸው፤ እንዲያም ሆኖ ቲ ሴልን የሚያሳንሰው የመነሻ ሕክምና ተሰጥቷቸዋል፤ አብዛኞቹም ኖረዋል። ያኖራቸው ምርመራው፣ የዕለት መድኃኒቱና ክትትሉ ሳይቋረጥ አብሮ መሄዱ ነው። የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች ለዓለም ያስተማሩት ይህን ነው። የአገሪቱ አስተዳደር ሐኪሞቹ ካስተማሩት መማር አለበት።

በዚህ መሠረት ለታማሚው የትኛው ፀረ እንግዳ አካል ይሰጥ የሚለው ጥያቄ ሦስት መመዘኛዎች ብቻ ሊኖሩት ይገባል፦ የእምቢታ ሥጋቱ ምን ያህል ነው፤ የተላላፊ በሽታ ሥጋቱ ምን ያህል ነው፤ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ክትትሉ አስተማማኝ ነው ወይ። የሦስተኛውን መልስ ደግሞ ሐኪሙ ብቻውን ሊሰጠው አይችልም፤ መንግሥት ከሐኪሙ ጋር አብሮ ሊመልሰው ይገባል።

4. ሕጉ ሰንሰለቱን የሚበጥስባቸው ቦታዎች

ወደ ካትሌሆንጉ ሰው እንመለስ። አራት ቦታ ላይ ይሰናከላል።

የመጀመሪያው እንቅፋት የ2003 ብሔራዊ የጤና ሕግ አንቀጽ 61 ንዑስ አንቀጽ 3 ነው። ድንጋጌው የደቡብ አፍሪካ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ላልሆነ ሰው፣ ያለ ሚኒስትሩ የጽሑፍ ፈቃድ አካል ሊተከል እንደማይችል ይደነግጋል። ልብ እንበል፤ ድንጋጌው የሚያገልለው ወረቀት የሌለውን ብቻ አይደለም። ጥገኝነቱ ጸድቆለት ሴክሽን 24 የያዘ ስደተኛም ቋሚ ነዋሪ አይደለምና እዚያው ውስጥ ይወድቃል። ቋሚ ነዋሪነት ለመጠየቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ፣ ስደተኛው በጸደቀ ጥገኝነት 10 ዓመት መኖር ይጠበቅበታል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው 10 ዓመት የለውም።

ሁለተኛው እንቅፋት ከመጀመሪያው ይወለዳል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1997 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በሱብራሞኒ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ሥር የሰደደ የኩላሊት ድካም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 የተጠበቀው «ድንገተኛ ሕክምና» ውስጥ እንደማይገባ በየነ። ጠያቂው የስኳር ሕመምተኛ ነበር። የመንግሥት ሆስፒታሉ በሀብት እጥረት ምክንያት ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎች የኩላሊት እጥበት የሚሰጠው በመጀመሪያ ደረጃ ለንቅለ ተከላ ብቁ ለሆኑት ነበር፤ ፍርድ ቤቱም መመዘኛውን አጸናው። ሁለቱን ሕጎች አንድ ላይ አንብቧቸው። ለንቅለ ተከላ ብቁ ያልሆነ እጥበት አያገኝም፤ የውጭ አገር ሰው ደግሞ በፓስፖርቱ ምክንያት ለንቅለ ተከላ ብቁ አይደለም። ስለዚህ ፓስፖርቱ እጥበቱንም ይነጥቀዋል። ይህ በሐሳብ ብቻ ያለ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ኢትዮጵያዊ ጥገኝነት ጠያቂ የኩላሊት እጥበት ለማግኘት በጆሃንስበርግ ፍርድ ቤት በቆመ ጊዜ የተነሣው የክርክር ጭብጥ ይኸው ነበር። በሱብራሞኒ ጉዳይ የተመዘነው የታማሚው ጤንነት ነበር። ዛሬ የሚመዘነው የታማሚው ወረቀት ነው። የሁለቱ መመዘኛዎች የሞራል ክብደት አንድ አይደለም።

ሦስተኛው እንቅፋት ወደፊት የሚመጣ ነው። በግንቦት 15 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. በፕሬዚዳንት ራማፎሳ የተፈረመው የብሔራዊ የጤና መድን ሕግ ዜጎችን፣ ቋሚ ነዋሪዎችንና ዕውቅና ያገኙ ስደተኞችን ይሸፍናል። ጥገኝነት ጠያቂው ግን የሚያገኘው ድንገተኛ ሕክምናና ለሕዝብ ጤና የሚያሰጉ፣ እንዲታወቁ የታዘዙ በሽታዎችን ሕክምና ብቻ ነው። ታክሮሊመስ ድንገተኛ ሕክምና አይደለም። ታክሮሊመስ የተቋረጠበት ሰው ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ድንገተኛ ታማሚ ሆኖ ይመጣል፤ ያኔ ሕጉ በሩን ይከፍትለታል። ርካሹን መከልከልና ውዱን መፍቀድ ቁጠባ ሊባል አይችልም።

አራተኛው እንቅፋት ጊዜና ፍርሃት ናቸው። ሴክሽን 22 የሚታደሰው በወራት ነው። እድሳቱ ሲዘገይ ሰውየው በአንድ ሌሊት ሕገ ወጥ ይሆናል፤ ፖሊስ ሲያገኘው ወደ ሊንዴላ ማቆያ ሊወሰድ ይችላል፤ ስለዚህ ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል። በሆስፒታልና በክሊኒክ በር ቆመው መታወቂያ የሚጠይቁ ሰዎች ሲኖሩም ይቀራል። የጆሃንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 ኦፕሬሽን ዱዱላ የተባለው ንቅናቄ ሰዎችን መታወቂያ እንዳይጠይቅና ከሕክምና እንዳያግድ ከልክሏል። ውሳኔውን በደስታ እንቀበለዋለን። ነገር ግን ንቅል ያለበት ሰው ፍርድ እስኪሰጥ፣ ፍርዱም በየክሊኒኩ በር እስኪከበር አይጠብቅም። የእርሱ ሰዓት የሚቆጠረው በክኒን ነው፤ ጧት አንድ፣ ማታ አንድ።

5. ለሚነሡ ተቃውሞዎች መልስ

«አካል እጥረት አለ፤ ቅድሚያ ለዜጋ።» እጥረቱ እውነት ነው፤ በደቡብ አፍሪካ ብዙ ዜጎች ተራ እየጠበቁ ይሞታሉ። እኛም ተራ እንዲጣስ አንጠይቅም። የምንጠይቀው ተራው ውስጥ ለመግባት ነው። ደግሞም ይኸው የጤና ሕግ ከሞቱ በኋላ አካሉን ለመለገስ ኑዛዜ መስጠት የሚችል ማንኛውንም ሰው ይቀበላል፤ የለጋሹን ዜግነት አይጠይቅም። በካትሌሆንግ ሱቁ ውስጥ በጥይት የተመታ ወገናችን ኩላሊትና ቆሽቱ ለዜጋ ሊተከል ይችላል። ሲሰጥ ሰው የሆነ ሲቀበል የውጭ ዜጋ የሚሆንበት ሥርዓት ፍትሐዊ ነኝ ሊል አይችልም።

«በሩ ከተከፈተ የአካል ንግድ ይገባል።» ይህም መሠረት ያለው ሥጋት ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በደርባን ከተማ በአንድ የግል ሆስፒታል ከመቶ በላይ ሕገ ወጥ የኩላሊት ንቅለ ተከላዎች መደረጋቸውን፣ ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ2010 ጥፋተኝነቱን አምኖ መቀጣቱን የማያውቅ የለም። ነገር ግን እዚያ ኩላሊቱን የገዙት ከባሕር ማዶ ለቀዶ ሕክምና ብቻ በአውሮፕላን የመጡ ባለጸጎች፣ የሸጡትም ድሆች ነበሩ። በካትሌሆንግ ለዓመታት የኖረ፣ የጣት አሻራው በመንግሥት መዝገብ ያለ ሰው ከእነዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል? የቱሪስትን በር ለመዝጋት የነዋሪን በር መዝጋት አያስፈልግም። ሁለቱን ለመለየት የነዋሪነት ማስረጃ ይበቃል።

«ፀረ እንግዳ አካሉ ውድ ነው።» አዎን፣ ውድ ነው። ለዚህም ነው የሰንሰለቱ መበጠስ የሚያስቆጨው። ውድ መርፌ ሰጥቶ፣ ከሟች ቤተሰብ በሐዘን ሰዓት የተለገሰ አካል ተክሎ፣ የቀዶ ሕክምና ቡድን ሌሊቱን ሙሉ ደክሞ፣ ከዓመት በኋላ በማኅተም ምክንያት ክኒን መከልከል ሁሉንም ወደ አመድ ይለውጣል። ተቃዋሚዎቻችን ስለ ሀብት ብክነት የሚጨነቁ ከሆነ ትልቁ ብክነት ይህ ነው።

ለራሳችን ወገንም አንድ ነቀፌታ አለን። እኛ ኢትዮጵያውያን ወገን ሲታመም ለቀዶ ሕክምና ገንዘብ ማሰባሰብ እናውቃለን፤ ወደ ህንድም ወደ ሌላም አገር እንልካለን። ታማሚው ታክሞ ሲመለስ ጭብጨባው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው የሃያ ዓመት የመድኃኒት ወጪ መዋጮ የሚያሰባስብ የለም። ስለ ንቅለ ተከላ ስንከራከር የመጀመሪያዋን ቀን ብቻ እያየን ከሆነ ከበጀት ሰዎቹ አልተሻልንም።

6. የአዲስ አበባ ድርሻ

«ወደ አገሩ ተመልሶ ይታከም» የሚለው መልስ ቀላል ይመስላል። የኢትዮጵያን ሁኔታ እንመልከት። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 ከአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ተጀምሯል። ይህ የሚያኮራ ሥራ ነው። ሆኖም አገልግሎቱ የቆመው በሕይወት ባሉ ዘመዶች ልገሳ ላይ ነው። ቆሽት ደግሞ በአብዛኛው የሚገኘው ከሟች ለጋሽ ነው። ከሟች የሚደረግ ልገሳ በሕግ፣ በአደረጃጀትና በሕዝብ ዘንድ መሠረት ሳይይዝ የቆሽት ንቅለ ተከላ በኢትዮጵያ አይታሰብም። ስለዚህ የካትሌሆንጉን ሰው «ተመለስ» ማለት ለቆሽቱ መልስ አይሆንም።

ኢትዮጵያ ግን ዛሬ ልታደርገው የምትችለው አለ። በፕሪቶሪያ የሚገኘው ኤምባሲ ለታማሚ ዜጋ ፓስፖርትና የማንነት ማስረጃ በፍጥነት ቢሰጥ የሚኒስትሩን ፈቃድ ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ፋይል ይሟላል። ንቅል ይዞ በፈቃዱ የተመለሰ ወይም በግዳጅ የተመለሰ ዜጋ በአዲስ አበባ የሚቀበለው ሐኪም፣ የሕክምና መዝገቡና የመጀመሪያ ወራት መድኃኒቱ አስቀድሞ ሊዘጋጅለት ይገባል። ይህ በሁለቱ የጤና ሚኒስቴሮች መካከል በአጭር ስምምነት የሚያልቅ ነገር ነው። የምክር ቤታችን ቋሚ ኮሚቴዎች ስለ ዜጎች ክብር በውጭ አገር በሚያነሡት ጥያቄ ውስጥ ይህን አንድ አንቀጽ ቢያስገቡ ሸክሙ አይበዛባቸውም።

7. የምንጠይቀው

ለደቡብ አፍሪካ የጤና ሚኒስትርና ለፓርላማው የጤና ኮሚቴ፦

ሀ. ሚኒስትሩ በአንቀጽ 61(3) በተሰጣቸው ሥልጣን፣ ዕውቅና ላገኙ ስደተኞችና በአገሪቱ ለረጅም ጊዜ መኖራቸውን ላስረዱ ጥገኝነት ጠያቂዎች አጠቃላይ የጽሑፍ ፈቃድ ያውጡ። ሕጉ ፈቃድ ይፈልጋል እንጂ ፈቃዱ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ይሰጥ አይልም። ይህ እስኪሆን ድረስ ለእያንዳንዱ ማመልከቻ የመልስ ቀነ ገደብ ይቀመጥ፤ ውድቅ የተደረገበት ምክንያትም በጽሑፍ ይሰጥ።

ለ. የኩላሊት እጥበት ብቁነት የሚመዘነው በታማሚው ጤንነት ይሁን። በወረቀት ምክንያት ለንቅለ ተከላ ያልበቃ ሰው በዚያው ምክንያት ከእጥበት አይሰረዝ።

ሐ. ንቅል ላለበት ማንኛውም ሰው የዕለት መድኃኒትና የደም ምርመራ የተጀመረ ሕክምና ቀጣይ ክፍል ተብሎ ይደንገግ፤ በወረቀት መዘግየት አይቋረጥ። የጤና መድን ሕጉ ማስፈጸሚያ ደንቦች ሲረቀቁ ይህ በግልጽ ይጻፍ።

መ. የመነሻ ሕክምናው ፀረ እንግዳ አካል ምርጫ በእምቢታና በተላላፊ በሽታ ሥጋት ይወሰን፤ የቲቢ ምርመራና መከላከያም የዚሁ ሕክምና አካል ሆኖ በጀት ይያዝለት።

ሠ. የንቅለ ተከላ ማዕከላት የንቅሎችን የ1 ዓመትና የ5 ዓመት ዕድሜ፣ የተሰጠውን የመነሻ ሕክምና ዓይነትና የጠፉ ንቅሎች የጠፉበትን ምክንያት የታማሚውን ማንነት ሳይገልጹ በየዓመቱ ያሳውቁ። «መድኃኒት ተቋርጦ» የሚለው ምክንያት ለብቻው ይቆጠር። ያልተቆጠረ ሞት ተጠያቂ አይኖረውም።

ለኢትዮጵያ መንግሥትና ምክር ቤት፦

ረ. በፕሪቶሪያ ኤምባሲ ለከባድ ሕሙማን የተፋጠነ የማስረጃ አሰጣጥ ይዘርጋ፤ ከደቡብ አፍሪካ የጤና ሚኒስቴር ጋር የመዝገብና የመድኃኒት ቅብብሎሽ ስምምነት ይፈረም።

ሰ. ከሟች የሚደረግ የአካል ልገሳ ተግባራዊ የሚሆንበት ዝርዝር መመሪያና ሕዝባዊ ውይይት ይጀመር።

ለማኅበረሰባችንና ለተሟጋቾች፦

ሸ. በየሎኬሽኑ ያሉ እድሮች ከመዋጮአቸው ጥቂቱን ለአደጋ ጊዜ የመድኃኒት ክምችት ይመድቡ፤ ከታማሚው ጋር ወደ ቀጠሮ የሚሄድ፣ ቋንቋ የሚያስተረጉም ሰውም ይምረጡ።

ማጠቃለያ

በደቡብ አፍሪካ ያለው ወገናችን አንድ ነገር በደንብ ያውቃል፤ የሞተ ወንድሙን አስከሬን ወደ አገር ቤት መላክ። በአንድ ምሽት ስልክ ይደዋወላል፣ ገንዘብ ይሰበስባል፣ ወረቀቱን ያስጨርሳል፣ ሣጥኑን ይሸኛል። ለአስከሬን የሚገኘው ማኅተም ለሕያው ለምን ይዘገያል? ቆሽት በሚተከልበት ዕለት የሚሰጠው መርፌ የታማሚውን የመከላከል ሥርዓት አዲሱን አካል ለጊዜው እንዲታገሥ ያደርገዋል። ከዚያ ወዲያ መታገሥ ያለበት መንግሥት ነው። የምክር ቤት ባለሙያዎች ከዚህ ማስታወሻ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ወስደው ረቂቃቸው ውስጥ የሚያስገቡ ከሆነ ይህን ይውሰዱ፦ የተጀመረ ሕክምና በወረቀት ምክንያት አይቋረጥም።